እምቢታና መድረክ፦ ስለ ኦስትሪያዊው ተዋናይ ኦስካር ቬርነር

የተዋናይ ሙያ በመሠረቱ የእሺታ ሙያ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ የጻፈለትን ይናገራል፤ አዘጋጁ ቁም ባለው ቦታ ይቆማል፤ ሙት ሲባል ይሞታል፤ መጋረጃው ከወረደ በኋላም ተነሥቶ ለተመልካቹ እጅ ይነሣል። ሠዓሊ ከሸራው ጋር ለብቻው ይታገላል፤ ባለቅኔም ከወረቀቱና ከብዕሩ በቀር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ተዋናይ ግን ሥራው የሚጀምረው ራሱን በማዋስ ነው። የሚያውሰውም ገላውን፥ ድምፁንና ዕንባውን ነው፤ ከእነዚህ ሌላ መሣሪያ የለውም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ጥያቄ ይህ ነው፦ እሺ ማለት ሙያው የሆነ ሰው እምቢ ሲል፥ ግዴታውን ጣሰ ይባላል ወይስ ፈጸመ? በክፉ ዘመን እምቢ ብሎ ነፍሱን ያዳነ ሰው፥ ዘመኑ ከተለወጠ በኋላም እምቢ ማለቱን ቢቀጥልስ፥ ያው የጥንቱ በጎነት ነው ወይስ ስሙን ሳይለውጥ ባሕርዩን የለወጠ ሌላ ነገር?

ስለዚህ ጉዳይ በጥቅሉ መጻፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ጥቅል ነገር ሁሉን ስለሚያስማማ ማንንም አያስቸግርም። ስለዚህ አንድ ሰው መርጬአለሁ፤ እሱም ኦስካር ቬርነር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ኦስካር ቬርነር በኅዳር 13 ቀን 1922 ቪየና ውስጥ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ከመርዘሙና ከመጎርበጡ የተነሣ ለመድረክ ማስታወቂያ የማይመች ነበርና ኋላ ተወው። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተለያይተው ነበር፤ ካሳደጉት ሰዎች መካከል አያቱ ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፥ በመጋቢት 1938፥ የሂትለር ሠራዊት ኦስትሪያ ገባ። በሚያዝያ 30 ቀን በሳልዝቡርግ አደባባይ መጻሕፍት ተከምረው ተቃጠሉ። ከቪየናም ሆነ ከሌሎች ከተሞች ይሁዳውያን መጀመሪያ ከሥራቸው፥ ቀጥሎም ከቤታቸው፥ በመጨረሻም ከሕይወታቸው ተነቀሉ፤ ወደ 65,000 የሚሆኑ ኦስትሪያውያን ይሁዳውያን ተገድለዋል። ልጁ ጉርምስናውን ያሳለፈው ጎረቤት በሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ማንም ወዴት ሄደ ብሎ በማይጠይቅበት አገር ነው።

የሚያስደንቀው፥ የመድረክ ዕድሉ የተከፈተውም በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። በ1941 የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ቡርግቴአተር ተቀበለው። ስለዚህ ቤት ጥቂት ልበል። ቡርግቴአተር ለጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ተራ የትርኢት አዳራሽ አይደለም። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ አጠገብ የተቋቋመ፥ ቋንቋው በራሱ እንደ ሕግ የሚጠቀስ፥ ተዋናዩ እንደ መኳንንት የሚከበርበት ቤት ነው። ወጣቱን የተቀበለው የቤቱ የጊዜው ሹም ሎታር ሙቴል ነበር። ይኸው ሙቴል በ1943 የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» አዘጋጅቶ ለመድረክ አበቃ። ሻይሎክን የተጫወተው በዘመኑ ታላቅ ይባል የነበረው ቬርነር ክራውስ ነው፤ የተጫወተውም ተመልካቹ ይሁዳዊውን እንዲጠላና እንዲጸየፍ ታስቦ ነበር። ክራውስ ቀደም ሲል በ1940 «ይሁዳዊው ዙስ» በተባለው ፊልም ብዙ የይሁዳውያን ገጸ ባሕርያትን ለብቻው ተጫውቶ፥ ያንኑ ጥላቻ በየሲኒማ ቤቱ ዘርቷል። ችሎታ አልጎደለውም። እንዲያውም ነገሩን የከፋ ያደረገው ችሎታው ነው፤ መናኛ ተዋናይ የሚዘራው ጥላቻ አይበቅልም።

ወጣቱ ቬርነር ሙያውን የተማረው በዚህ ጣሪያ ሥር ነው። ከታላላቆቹ አፍ ቃል እንዴት እንደሚወጣ ሰማ፤ ያ ቃል ምን ላይ እንደዋለም አየ።

በ1941 መጨረሻ ወደ ጦር ሠራዊቱ ተጠራ። ጦርነትን በልቡ ይጸየፍ ስለነበር የጀርመን መኮንን ሆኖ ወደ ግንባር መሄድን አልፈለገም። ታዲያ ምን አደረገ? ሰልፍ ወጥቶ እምቢ አላለም፤ ያን ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ባልኖረ ነበር። ያለውን ብቸኛ መሣሪያ፥ ትወናን፥ አወጣ። የማይረባ ሰው ሆኖ ታየ። የሚሰጠውን መሣሪያ በወጉ መያዝ የማይሆንለት፥ ትእዛዝ የሚያምታታ፥ ለምንም የማይበቃ ወታደር ሆነ። አለቆቹም ተስፋ ቆርጠው ድንች እንዲልጥና ሽንት ቤት እንዲያጸዳ መደቡት። እኔ የዚህን ሰው ሥራዎች ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ነው። ተመልካች ያልነበረው፥ ጭብጨባ ያልተሰማበት፥ አንዲት ቀን ብትበላሽ የሞት ቅጣት የምታስከትል ትርኢት ነበረች። በየመድረኩ ብልሆች ሞኝ ሆነው ሲጫወቱ ዐይተናል፤ ነፍሱን በሞኝነት ያስያዘ ተዋናይ ግን ብዙ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ታሪኩን አናሳምረው። ቬርነር በእነዚያ ዓመታት ከቡርግቴአተር መድረክ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ያን ሻይሎክ ያየው ተመልካች ቬርነርንም አይቷል፤ በሁለቱም ምሽት አጨብጭቧል። ንጹሕ እጅ የሚባል ነገር በዚያ ከተማ የነበረ አይመስለኝም፤ የነበረው የቆሸሸና ይበልጥ የቆሸሸ ነው።

በ1944 ኤሊዛቤት ካሊና የተባለችውን ተዋናይት አገባ። እርስዋም በናዚዎች የዘር ሕግ ግማሽ ይሁዳዊት ተብላ የተቆጠረች ነበረች። በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። በታኅሣሥ ወር ቬርነር ከሠራዊቱ ከዳ፤ ሚስቱንና የጡት ልጁን ይዞ ከቪየና ወጣ ብሎ በሚገኘው ጫካ ተሸሸገ። የጀርመን ጦር ፍርድ ቤቶች በጦርነቱ ዘመን ከ30,000 በላይ የሞት ፍርድ መፍረዳቸውን ስናስታውስ፥ ይህ ሰው የተወራረደው በምን እንደሆነ ይገባናል። በሚያዝያ 1945 የሶቪየት ጦር ቪየናን እስኪይዝ ድረስ በብርድና በረኃብ ቆየ። በዚያው ወር የቡርግቴአተር ሕንፃ ውስጡ በእሳት ጋየ።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አንባቢ ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄ ራሴ ልጠይቅ። ቬርነር ማንን አዳነ? ሚስቱንና ልጁን። ማንን ወጋ? ማንንም። ከጫካ ወጥቶ ከአርበኞች ጋር አልተሰለፈም፤ ድልድይ አላፈረሰም። ታዲያ ይህ ጀግንነት ነው ወይስ የራስን ቤት ብቻ የማትረፍ ጥንቃቄ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ያ መንግሥት ከእያንዳንዱ ሰው የፈለገው እንዲያምንበት ብቻ አልነበረም፤ እንዲያገለግለው ነበር። ብዙዎች ሳያምኑበት አገለገሉት፤ ለመግደል ያልወደዱ ሰዎች ገደሉለት። ስለዚህ ውስጡን ለራሱ አስቀርቶ እጁን ከሰጠው ሰው ይልቅ፥ እጁን የነፈገው ሰው የበለጠ ነገር አድርጓል ባይ ነኝ። ሁሉን አድርጓል ግን አላልኩም።

አሁን ወደ 1948 እንሻገር፤ እኔ ለዚህ ጽሑፍ የተነሣሁት እዚህ ላይ በደረሰ አንድ ነገር ምክንያት ነውና።

ካርል ሃርትል የተባለው ዲሬክተር በዚያ ዓመት «መልአኩ ከነመለከቱ» የሚል ፊልም ሠራ። ፊልሙ የአንድ የቪየና ቤተሰብ የብዙ ዓመታት ታሪክ ነው። ዋናዋ ሴት ከይሁዳዊ ወገን የተወለደች ናት፤ ናዚዎች ሲመጡ ራስዋን ትገድላለች። ከልጆችዋ አንዱ ግን ናዚ ይሆናል። የእናቲቱን ቦታ የተጫወተችው ፓውላ ቬሰሊ ናት፤ ባልዋ አቲላ ሆርቢገርም በፊልሙ ውስጥ አለ። እነዚህ ሁለቱ በ1941 «ወደ አገር መመለስ» በተባለው ፊልም ዋና ተዋንያን ነበሩ። ያ ፊልም ፖላንዶች በመካከላቸው የሚኖሩትን ጀርመናውያን ሲያሠቃዩ እያሳየ፥ ወራሪውን ተወራሪ አስመስሎ፥ የ1939ኙን ወረራ ጽድቅ ለማድረግ የተሠራ ነው። ናዚ የሆነውን ልጅ ማን ተጫወተው ቢሉ፥ ከሠራዊቱ የከዳው ኦስካር ቬርነር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሥርጭት እስቲ ቆም ብለህ ተመልከተው። ናዚዎችን በድምፅዋና በውበትዋ ያገለገለችው ተዋናይት የሰለባዋን ልብስ ለበሰች። ናዚዎችን ማገልገል እምቢ ብሎ ጫካ የገባው ሰው የናዚውን ልብስ ለበሰ። የሙያውን ሕግ ለሚያውቅ ሰው በዚህ ውስጥ ምንም ነውር የለም፤ ጭምብል ፊት አይደለምና። እኔም እንደ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ሕግ እጠብቃለሁ፤ እርኩሱን ሰው እርኩስ ተዋናይ ብቻ ይጫወተው ካልን መድረኩ ዛሬውኑ ይዘጋል። ነገር ግን በዚያ ፊልም ጭምብሉ ሌላ ሥራም ሠርቷል። ቪየና ራስዋን የመጀመሪያዋ የሂትለር ሰለባ አድርጋ መቁጠር በጀመረችበት ሰዓት፥ የከተማይቱ እጅግ የተወደደች ተዋናይት የሰለባውን ዕንባ አነባችላት። ተመልካቹ ያለቀሰው ለማን ነበር? ለሞቱት ነው ወይስ ለራሱ? ቬሰሊ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ታግዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እስከ ሸመገለችበትም በክብር ኖረች። ክራውስም ከእገዳው ተፈትቶ በ1954 ለጀርመንኛ መድረክ ታላቅ ተዋናይ የሚሰጠውን የኢፍላንድ ቀለበት አጠለቀ። ኤልፍሪደ ዬሊኔክ በዚህ ሁሉ ላይ ተነሥታ «ቡርግቴአተር» የተባለውን መራራ ተውኔት ስትጽፍ ዘመኑ 1980ዎቹ ገብቶ ነበር፤ በ1985 መድረክ ላይ የወጣውም ኦስትሪያ ውስጥ ሳይሆን በጀርመን በቦን ከተማ ነው።

«ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?» የሚል ይኖራል። መልሱ እዚያው ፊልም ሥር ተቀብሯል። ናዚዎች ፖላንድን በያዙ ጊዜ የፖላንድ ተዋንያን ማኅበር በምሥጢር ተሰብስቦ፥ በጀርመን ፈቃድ በሚከፈት ቴአትር ማንም አባል እንዳይሠራ ወሰነ። ስመ ጥር ተዋንያንና ተዋናይቶች በዋርሶ ቡና ቤቶች አስተናጋጅ ሆነው ሳህን ተሸከሙ። ትእዛዙን የጣሱ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ጠበቁት። ለ«ወደ አገር መመለስ» ፖላንዳውያን ተዋንያንን የመለመለው ኢጎ ሲም የተባለ ተዋናይ ነበር፤ የተወለደውም በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ነው። በመጋቢት 1941 የፖላንድ ምሥጢራዊ ታጋዮች ዋርሶ ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደሉት። እንግዲህ አንዱ ፊልም ለአንዷ ክብር፥ ለሌላው ጥይት አመጣ።

የፖላንዶቹ እምቢታ ከቬርነር እምቢታ የሚለይበት ነገር አለ። እነርሱ እምቢ ያሉት በጋራ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ያየዋል፤ አንዷ ሳህን ስትሸከም ጓደኛዋ አጠገብዋ አለች። ቬርነር ግን ለብቻው እምቢ አለ፤ ጫካ ውስጥም ከሚስቱና ከልጁ ጋር ብቻ ቆየ። ብቻውን እምቢ ያለ ሰው ኋላ ከሰው ጋር እሺ ማለት ይቸግረው ይሆን? ይህን ጥያቄ ለጊዜው እናቆየው።

በ1951 አናቶል ሊትቫክ የተባለው ዲሬክተር «ከንጋት በፊት የተወሰነ» በሚለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ለቬርነር ዋናውን ቦታ ሰጠው። ፊልሙ የተቀረጸው በጀርመን፥ ገና ባልተነሡ ፍርስራሾች መካከል ነው። ቬርነር የተጫወተው አንድ የተማረከ ጀርመናዊ ወጣት የጦር ሐኪም ረዳት ነው። የእስረኛ ጓደኛው ጦርነቱን ተሸንፈናል በማለቱ በገዛ እስረኞቹ እጅ ተገድሏል። ወጣቱም አገሩ ከዚህ በሽታ ቶሎ እንድትድን መሸነፍዋ ይሻላል ብሎ፥ ለአሜሪካኖች ሊሰልል ወደ ገዛ ወገኖቹ ይመለሳል። ወገኑን የሚወድ ሰላይ ነው፤ መከራውም ይህ ነው። በየመንገዱ የሚያገኛቸው ሰዎች ጭራቆች አይደሉም፤ የደከሙ፥ የፈሩ፥ እንጀራ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱን ይከዳል፤ ለእያንዳንዱም ያዝናል።

ከዚህ ፊልም አንድ ቦታ ከአእምሮዬ አይወጣም። ወጣቱ ሰላይ አንድ የታመመ ኮሎኔል እንዲያስታምም ይመደባል። የኮሎኔሉ ልብ በሌሊት ይዝላል፤ መርፌው በወጣቱ እጅ ነው። ቢተወው ይሞታል፤ አንድ የጠላት አዛዥም ይቀንሳል። ወጣቱ ግን የተማረው ማዳን ነውና ያድነዋል። ሲነጋ ያው የዳነው ኮሎኔል በአንድ የራሱ ወታደር ላይ የተፈረደውን የሞት ፍርድ እንዲሻር ሲለመን እምቢ ይላል፤ ወታደሩም ይገደላል። ቬርነር በዚህ ጊዜ የሚናገረው ነገር የለም። ፊቱ ብቻ አለ። በዚያ ፊት ላይ «ትክክል ሠራሁ» የሚል አይነበብም፤ «ተሳሳትኩ» የሚልም አይነበብም። የጦር ፍርድ ቤት ሊፈርድበት ይችል የነበረ ሰው ያን ፊት ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅትም፤ ቢሆንም ግምቱን አላበዛም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ብዙ መከራ አይቷል፥ ፊቱን ግን እንዲህ ማዘዝ አይችልም። መከራ ብቻውን ጥበብን አይወልድም።

ፊልሙ ሆሊዉድን ከፈተለት፤ እርሱ ግን እዚያ ብዙ አልቆየም። የሚወደው መድረክን ነበርና ተመለሰ። ሐምሌትን ተጫወተ፤ ቡርግቴአተርም ታድሶ በተከፈተበት በ1955 የሺለርን ዶን ካርሎስ ተጫወተ። ድምፁ ለስላሳ፥ ጥቂት የሚያንጎራጉር፥ በቪየና አነጋገር የተሞረደ እንደነበር ፊልሞቹ ይመሰክራሉ። ከፊልሞቹ ውስጥ በ1962 ፍራንሷ ትሩፎ የሠራውን «ዡልና ጂም» ማንሣት ይበቃል። ዡል ኦስትሪያዊ፥ ጂም ፈረንሳዊ ነው፤ ሁለቱ ልብ ለልብ የተሳሰሩ ጓደኞች ሳሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ይለያቸዋል፤ በየምሽጋቸው ሆነው እያንዳንዳቸው የሚፈሩት ሌላውን እንዳይገድሉ ነው። በ1965 በስታንሊ ክሬመር «የጅሎች መርከብ» ውስጥ ልቡ የታመመ የመርከብ ሐኪም ሆነ፤ ለአካዳሚ ሽልማትም ታጨ። በዚያው ዓመት «ከብርዱ የመጣው ሰላይ» ውስጥ ይሁዳዊውን የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መኮንን ተጫውቶ የወርቅ ሉል ሽልማት አገኘ። ዝናው ጫፍ ደረሰ።

የሚያሳዝነውም ክፍል የሚጀምረው ከዚሁ ጫፍ ነው። በ1966 ከትሩፎ ጋር «ፋረንሃይት 451»ን ሊሠሩ እንግሊዝ አገር ተገናኙ። ታሪኩ ማንበብ ወንጀል ስለሆነበት ዘመን ነው። ሞንታግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲሆን፥ ሥራው ግን እሳት ማጥፋት ሳይሆን መጻሕፍት ማቃጠል ነው። ቀን በቀን ያቃጥላል፤ አንድ ቀን አንዱን ሰርቆ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ማቃጠል ያቅተዋል። እሺ ባይ የነበረ ሰው እንዴት እምቢ ባይ እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። ለዚህ ገጸ ባሕርይ ከቬርነር የተሻለ ሰው በአውሮፓ ይገኝ ነበር? የሳልዝቡርግ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ልጅ ነበር፤ የወታደር ልብሱን ያወለቀበትን ቀን ያውቀዋል። ነገር ግን ተዋናዩና ዲሬክተሩ ሞንታግ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መስማማት አቃታቸው። ትሩፎ በየቀኑ በያዘውና ኋላ ባሳተመው ማስታወሻው ስለ ጠቡ ጽፏል። ጠቡ ከመክረሩ የተነሣ፥ ሥራው ሊያልቅ ሲል ቬርነር ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ፊልም የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአንዱ ክፍል ጸጉሩ ረዥም፥ በሚቀጥለው አጭር ከሆነ የተቀረጸው አይገጥምም፤ ብዙ ሰው የደከመበት ይበላሻል። ወዳጅነታቸውም በዚያው ተቆረጠ።

የፊልሙ መጨረሻ እንደዚያም ሆኖ ያምራል። መጻሕፍት የተከለከሉባቸው ሰዎች ጫካ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይይዛሉ፤ በረዶ እየወረደ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይደግሙታል። ዳዊትን በቃሉ ከሚወጣ የቆሎ ተማሪ አገር ለመጣ ተመልካች ይህ ትዕይንት የወደፊት ዘመን ሕልም አይመስለውም። ቬርነርም በ1944 ከገባበት ጫካ በፊልም ተመልሶ ሌላ ጫካ ገባ።

ለመሆኑ ያን መቀስ ያነሣ እጅና በ1944 የሠራዊቱን ትጥቅ የጣለ እጅ አንድ ናቸውን? ቬርነር ራሱ አንድ ናቸው ብሎ ሳያምን አልቀረም፤ ለኅሊናዬና ለጥበቤ እምቢ አልኩ እንዳለ። እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። በ1944 የከዳው አለቃ ሕይወቱን የሚፈልግ ሕይወት አጥፊ ነበር። በ1966 የተፋለመው ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ለመረዳት አብሮት የሚታገል የሥራ ባልደረባ ነበር። የመጀመሪያው እምቢታ ዋጋው በራሱ ላይ ነበር፤ የሁለተኛውን ዋጋ ግን ሌሎችም እንዲከፍሉ አደረገ። ደግሞም ሞኝ መስሎ ድንች የላጠው ወጣት፥ እምቢታውን የደበቀው ስለሚያስገድለው ነው፤ ጸጉሩን የተቆረጠው ታላቅ ተዋናይ ግን እምቢታው እንዲታይለት ፈልጓል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ላልፈው ነው፤ የሰውን ውድቀት ማስረዘም ደስ አይለኝም። የሚቀርቡለትን ድርሰቶች እየመለሰ ፊልም ከመሥራት ራቀ። በ1970 በሳልዝቡርግ በዓል ሐምሌትን ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተ። በ1976 «የተረገሙት ጉዞ» የመጨረሻ ፊልሙ ሆነ፤ በ1939 ከ900 በላይ ይሁዳውያን ስደተኞችን ጭና ከሐቫና ወደብ የተመለሰችው የመርከብ ታሪክ ነው፤ እርሱም ከተመለሱት አንዱ የሆነውን ሐኪም ተጫወተ። መጠጡ በረታበት። በ1983 በዋካው፥ በዳኑብ ወንዝ ሸለቆ፥ የክላይስትን «የሆምቡርግ ልዑል» አዘጋጀ። ይህ ተውኔት ስለ ምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ትእዛዝ ጥሶ በጦር ሜዳ ድል ያደረገ ወጣት መኮንን ስለ አለመታዘዙ ሞት ይፈረድበታል፤ የተቆፈረለትን መቃብር አይቶ ለሕይወቱ ይለምናል፤ ኋላ ግን ሕጉን ራሱ ፈቅዶ ይቀበላል። ቬርነር ስድሳ ዓመት ሆኖት ነበር። ትርኢቱ አልተሳካም፤ ተመልካቹም አዘነ፥ አንዳንዱም ተሳለቀ። በዕድሜው ሁሉ ሲሸሸው የነበረውን ፍርድ በመጨረሻ በመድረክ ላይ ሊቀበል የፈለገ ይመስል፥ ለምን በዚያ ዕድሜ ያን ተውኔት እንደመረጠ ሳስብ እደነቃለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴ ሲለማመድ፥ ከተዋንያኑ ሁሉ የላቀው አንድ ወጣት ነበር። ገጸ ባሕርዩ በሁለተኛው ገቢር እናቱን በጥፊ ይመታል። ወጣቱ እጁን አነሣና መልሶ አወረደ። «ጋሼ፥ ይህን አልችልም» አለኝ። እናቱን ከቀበረ ገና ሰባት ወሩ ነበር። እኔም ከላይ የጠቀስኩትን ሕግ ነገርኩት፤ ጭምብል ፊት አይደለም፥ የመድረክ እናት እናትህ አይደለችም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ እጁ ግን አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ቦታውን ለሌላ ሰጠሁ። ሌላው በደንብ መታ፤ አዳራሹ ሁሉ ደነገጠ፤ ተውኔቱም ተወደደ። ያ ወጣት ግን ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጣም። ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። በዚያ ሳልፍ ተነሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ወንበር ያወጣልኛል፤ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። የእርሱ እምቢታ የ1944ቱ ነበር ወይስ የ1966ቱ? ለብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው ብዬ አምን ነበር። የቬርነርን ሕይወት ካጠናሁ በኋላ ግን እርግጠኛነቴ ሄዷል። እምቢታን ከውጭ ሆኖ የሚመዝን ሰው፥ በተለይም እምቢ የተባለው እርሱ ራሱ ከሆነ፥ ሚዛኑ ወደ ራሱ ያጋድላል። ትሩፎም ማስታወሻውን የጻፈው እምቢ የተባለ ሰው ሆኖ ነው፤ እኔም የፈረድኩት በእርሱ ማስታወሻ ነው።

ትሩፎ በጥቅምት 21 ቀን 1984 ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ በጥቅምት 23፥ ኦስካር ቬርነር ለንባብ ምሽት በሄደባት በጀርመን ከተማ በማርቡርግ፥ ልቡ ቆሞ በስድሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። ንባቡ ሳይካሄድ ቀረ።

ኦስትሪያ ከሂትለር ሠራዊት የከዱትን ሰዎች ስም በሕግ ያደሰችው በ2009 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ በየመንደራቸው ፈሪና ከሃዲ እየተባሉ ኖረው ሞተዋል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ጡረታና ሐውልት ሲያገኙ እነርሱ ዝም አሉ። በጥቅምት 24 ቀን 2014 በቪየና መካከል፥ በፕሬዚዳንቱና በመራሔ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤቶች ፊት ለፊት፥ ለከዱት መታሰቢያ ቆመላቸው፤ ቬርነር ከሞተ ሠላሳ ዓመት ከአንድ ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ አደባባይ ቡርግቴአተር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የቬርነር መቃብር ግን ቪየና ውስጥ አይደለም፤ በሊክተንሽታይን ተራሮች ሥር፥ ቤት ሠርቶ በኖረባት በትሪሰን መንደር ነው።